የሦስት ወር ዋስትና የሰጠኝ ኤጀንሲ

ገርጂ አካባቢ ካለ አንድ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ሞግዚት የወሰድኩት ጥቅምት ላይ ነበር። ኮሚሽን 3,000 ብር ከፈልኩ፤ የተያዥዋ መታወቂያ ቅጂ ተሰጠኝ፤ «በሦስት ወር ውስጥ ከለቀቀች ያለ ክፍያ እንተካለን» የሚል ወረቀትም ተፈረመልኝ።

ምርጫቸውን አልነቅፍም። ልጄ አጥሚቱን አልቀበልም ብሎ አፉን ሲገጥም፣ ማንኪያውን ለአሻንጉሊቱ አቅርባ ታስቀናውና ታበላዋለች። እኔ እናቱ ይህ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የደረቀ ልብስ እያጣጠፈች «እትዬ፣ ሰው እስኪያገኙ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ» አለችኝ። እኔ 7,000 እከፍላታለሁ፤ አዲሱ ቤት 11,000 ከእሑድ ዕረፍት ጋር። ምን እላታለሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ስለማይሸፍን ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እሷን አይመለከትም፤ ሁለቱ ሳምንት የራሷ ጨዋነት ነው። ቤቱን ማን እንዳገኘላት ስጠይቃት ግን ዝም ብላ የልጄን ካልሲ ደጋግማ አጣጠፈች። ኋላ ነገረችኝ፤ የደወለላት ያው ኤጀንሲ ነው!

ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሳታነበው «ዋስትናው የሚሠራው ደመወዝ ለሚጨምር ነው» አለችኝ። እንዲህ የሚል መስመር የለበትም። ምትክ ከፈለግኩ ሌላ 3,000 ብር አምጪ ተባልኩ።

ለሞግዚቷ አምስት ከአምስት፤ ለኤጀንሲው አንድ፣ እሱም እሷን ስላገናኘኝ ነው። ወረቀት ስትፈርሙ «ሠራተኛዋን ለሌላ አሠሪ አናዛውርም» የሚል ቃል ካላስገቡላችሁ ኮሚሽኑን አትክፈሉ።