ዛኦ ኦንሰን፦ ጭራቆቹን የሚሠራው ነፋስ ኬብል ካሩንም ይዘጋል

ጃፓን ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኒሴኮ ወይም ወደ ሃኩባ ነው። የሁለቱም በረዶ አይታማም፤ ግን ሰዉም ዋጋውም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። ረጋ ያለ ቦታ የሚሻ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ያማጋታ ቢያዞር ዛኦ ኦንሰንን ያገኛል። ከታች ድኝ ድኝ የሚሸት የፍል ውሃ መንደር፣ ከላይ ደግሞ ዛፎቹ በበረዶ ተጀቡነው ጭራቅ የሚመስሉበት ተራራ ነው።

ፍርዱን ላስቀድም። መካከለኛ ችሎታ ላለው፣ ከስኪ መልስ ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለሚወድ፣ የማታ ጭፈራ ለማያጓጓው ሰው ዛኦ ልክ ነው። ዛፍ ለዛፍ እየተሽሎከለከ ያልተነካ በረዶ ለሚያሳድድ ግን አይሆንም። የታጠረውን ገመድ ማለፍ ክልክል ነው፤ ጫፉ ላይ ጉም ሲወርድ አቅጣጫ የሳተ ሰው በሌላው ተዳፋት፣ መንደር በሌለበት ወገን ሊወርድ ይችላል፤ ፍለጋ ከተወጣም ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከሦስት ሌሊት ባነሰ ጊዜ ወደ ዛኦ መሄድም ቁማር ነው። ለምን እንደሆነ የሚገባው የጭራቆቹ አሠራር ሲገባ ነው።

ጃፓኖች ጁህዮ ይሏቸዋል። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ብርድ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይጠጣል፤ ዛኦ ጫፍ ሲደርስ ደመናው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ገና ባልረጋ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ የተሞላ ነው። ጠብታው አኦሞሪ ቶዶማትሱ የተባለውን ጥድ እንደነካ ወዲያው ይረጋል። አመዳዩ የሚያድገው ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ነው፤ ቀረብ ብሎ ላየው እንደ ላባ የተደራረበ ነው፣ የአገሩ ሰዎች ግን የሽሪምፕ ጅራት ይሉታል። በላባዎቹ መካከል በረዶ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ሌላ አመዳይ ይለብሳል። ጃንዋሪ ሲያልቅ ዛፉ ራሱ ጠፍቶ ጎንበስ ያለ፣ ትከሻው የወፈረ ነጭ ፍጡር ብቻ ይቆማል። መልካቸው የሚሞላው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጀመሪያ ነው። በዲሴምበር የሄደ ሰው ነጭ የተረጨባቸው ዛፎች አይቶ ይመለሳል።

ማስታወቂያው ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። ከ2013 ጀምሮ መጀመሪያ ቅጠል በሊታ አባጨጓሬ፣ ተከትሎም ቅርፊት ቦርቧሪ ጥንዚዛ ጥዶቹን ጎድቷቸዋል። ቅጠሉ የረገፈ ግንድ አመዳይ የሚይዝበት ስፋት ስለሌለው በጫፉ ጣቢያ አካባቢ ያሉት አንዳንዶቹ ከጭራቅ ይልቅ ምሰሶ ይመስላሉ። ችግኝ የመትከል ሥራ ተጀምሯል፤ ጥዱ ግን የሚያድገው በዝግታ ነው። የድሮ ፎቶ አይታችሁ ያንኑ ከጠበቃችሁ ትከፋላችሁ።

እንግዲህ ጭራቆቹን የሚሠራው ኃይለኛ ነፋስ ወደ እነሱ የሚወስደውንም ኬብል ካር ያቆማል። መስመሩ ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው ከሳንሮኩ ጣቢያ፣ ከ855 ሜትር ተነስቶ 1,331 ሜትር ላይ ጁህዮ ኮገን ያደርሳል። የላይኛው ከዚያ ወደ ጂዞ ሳንቾ፣ 1,661 ሜትር ይወጣል። የላይኛው ጎጆ፣ ማለትም ሰው የሚሳፈርበት ክፍል፣ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት ገመዶች የተንጠለጠለ ነው፤ እሱም ቢሆን በማዕበል ቀን ይቆማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥሩ ጠዋት ውጡ። “ነገ እንሄዳለን” ብሎ ታችኛው ሜዳ ላይ ሲለማመድ የዋለ ሰው ቀሪውን ሁለት ቀን ጫፉ ተዘግቶ ሊያልፍበት ይችላል። ከቁርስ በፊት የኬብል ካሩን ድረ ገጽ ማየት ልማድ ይሁን፤ የታችኛው ተከፍቶ የላይኛው የሚዘጋበት ቀን ስላለ ሁለቱን ለየብቻ ተመልከቱ። ላይኛው ከተዘጋ በመንደሩ በኩል ያለው ቹኦ ኬብል ካር ወደ ቶሪካቡቶ፣ 1,387 ሜትር ያወጣል። ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች ዛፍ ስለሚከልላቸው ቀኑ አይባክንም።

ሁለተኛው ጠላት ሰልፍ ነው። ዛኦ ከኒሴኮ ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ነው ስንል ስለ መንሸራተቻው መስመር እንጂ ስለ ጣቢያው አይደለም። ስኪ የማያውቅ ጎብኚ በአውቶቡስ መጥቶ ጭራቆቹን ፎቶ አንስቶ የሚመለሰው በዚያው ኬብል ካር ነው፤ በፌብሩዋሪ ቅዳሜና እሑድ ረፋዱ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም ያልተለመደ አይደለም። በሩ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድሞ የደረሰ በመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች ይወጣል። ያ ካመለጠ የአውቶቡስ እንግዳ የሚቀንሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ግን መጨረሻው ጎጆ ከማታ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ስለሚነሳ ጠባብ ነው። በተመረጡ ምሽቶች ጭራቆቹ መብራት ይበራባቸዋል፤ ያን ጊዜ መውጣትም መውረድም በጎጆ ነው፣ እየተንሸራተቱ መውረድ የለም። ቆሞ ለማየት የሚለበሰው ልብስ ደግሞ ሲንሸራተቱ ከሚለበሰው ይወፍራል፤ ይህን የሚዘነጉት ብዙዎች ናቸው።

ጫፉ ላይ ከጣቢያው ወጣ ሲሉ በ1775 የቆመ የጂዞ፣ መንገደኛን ይጠብቃል የሚባለው የቡድሃ እምነት ቅዱስ፣ የድንጋይ ሐውልት አለ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። በክረምቱ መጀመሪያ ሙሉ ሰውነቱ ይታያል፤ በፌብሩዋሪ አንዳንዴ ራሱ ብቻ ከበረዶው ብቅ ብሎ ያያችኋል። የበረዶውን ጥልቀት ለማወቅ ከየትኛውም መለኪያ ይልቅ እሱን ማየት ይቀላል።

ከዚያ የሚጀምረው የመጀመሪያው ቁልቁለት ዛንገ ዛካ ይባላል፤ የንስሐ ቁልቁለት እንደማለት ነው። አጭር ነው፣ ግን ነፋስ ጠርጎት ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ጉም ካለ ደግሞ መሬቱና ሰማዩ አንድ ነጭ ይሆናሉ። በመስመሩ ዳር የተተከሉትን ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየቆጠሩ መውረድ እንጂ ሌላውን ተንሸራታች መከተል አያዋጣም፤ እሱም አያይም። ከንስሐው በኋላ በጭራቆቹ መካከል የሚጠማዘዘው መንገድ ለስላሳ ነው፣ ከጀማሪነት ገና የወጣ ሰው እንኳን በዝግታ ይወርደዋል። ከጫፍ እስከ መንደር የከፍታው ልዩነት 800 ሜትር ያህል ነው። በስኖውቦርድ ለሚሄድ ግን ማስጠንቀቂያ አለ፦ መንገዱ ላይ ሜዳ የሆኑ ቦታዎች ስላሉ ፍጥነት ሳይዙ የገቡባቸው ሰሌዳቸውን ፈትተው በእግር ይገፋሉ። እግሩን የሚተማመን ዮኮኩራ ግድግዳ አለለት፤ እስከ 38 ዲግሪ ያጋደለ ነው።

የዛኦ ካርታ ትንሽ ያደናግራል። በየጊዜው የተሠሩ ትናንሽ ሜዳዎች በማገናኛ መንገድ ስለተያያዙ አንድ መታጠፊያ የሳተ ሰው መንደሩ ሌላ ጫፍ ላይ ወጥቶ ስኪውን ተሸክሞ በአስፋልት ይጓዛል። ካርታውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ማረፊያችሁ ቅርብ ወደሆነው ሜዳ ቀደም ብላችሁ ተመለሱ። አንዱ ሊፍት ሲዘጋ ወዲያ ማዶ መቅረት የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። የሊፍት ትኬቱ ለሁሉም ሜዳ አንድ ነው። ፈጽሞ ጀማሪ ለሆነ ኡዋኖዳይ ይሻላል።

ጊዜ ስትመርጡ የጃፓንን በዓላት አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከዲሴምበር 28 እስከ ጃንዋሪ 3፣ የጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ በዓል የሚሆንበት ሳምንት መጨረሻ፣ ፌብሩዋሪ 11 እና 23 አካባቢ፣ ከዚያም የቻይና አዲስ ዓመት የሚከበርበት ሰሞን ሁሉም ይሞላል። በጃንዋሪ የሴቶች የስኪ ዝላይ የዓለም ዋንጫ ሲዘጋጅም አልጋ ይጠፋል። ሚዛኑን የሚጠብቀው በፌብሩዋሪ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፤ ጭራቆቹ ሞልተው ሰዉ የሚቀንስበት ጊዜ ይሄ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከቶኪዮ ትሱባሳ የተባለው ሺንካንሰን ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚያልፍ ጊዜ በኋላ ያማጋታ ያደርሳል። ፈጣን ባቡር ቢባልም ከፉኩሺማ በኋላ በመደበኛው ሐዲድ ላይ ተራራ ስለሚያቋርጥ በከባድ በረዶ ይዘገያል። ከ2022 ጀምሮ ወንበሩ ሁሉ በቅድሚያ የሚያዝ ነው፤ “ደርሼ የተገኘው ላይ እቀመጣለሁ” የሚለው አሠራር ቀርቷል። ከያማጋታ ጣቢያ ፊት ለፊት የሚነሳው አውቶቡስ መንደሩ ለመድረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚመጣው ግን በሰዓት አንድ ያህል ነውና የባቡሩን መድረሻ ከአውቶቡሱ መነሻ ጋር አስማሙ። ጥሬ የን የሚወጣውም፣ ለማታ የሚቀመሰውም የሚገዛው ያማጋታ ጣቢያ አካባቢ ነው። መንደሩ ውስጥ ሱቁ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይዘጋል፤ ካርድ የማይቀበል ማረፊያና ምግብ ቤትም አለ።

ሻንጣና ስኪ እየጎተቱ በበረዶ መንደር መውጣት ሳያስፈልግ ታክዩቢን በሚባለው የዕቃ ማድረሻ ከአየር ማረፊያ ወይም ከቶኪዮ ሆቴል መላክ ይቻላል። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ስጡ፤ በማዕበል ሰሞን አንድ ቀን አይበቃም። ቅጹ ላይ የማረፊያውን ስም በጃፓንኛ፣ የምትደርሱበትን ቀንና ቦታውን የያዛችሁበትን ስም አስጽፉ። የሌሊት ልብስና መድኃኒት ግን ከእጅ አይለይ።

ማረፊያን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው ዋጋ ሲያነብ ነው። ሪዮካን የሚባለው ባህላዊ ማረፊያ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚጽፈው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስም በውስጡ ነው። እራት የሚቀርበው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ምግቡ ይቀርበታል፣ ገንዘቡ ግን አይመለስለትም። ባቡራችሁ ከዘገየ ደውሉ። ያለ ምግብ ርካሽ ክፍል መያዝ ብልሃት ይመስላል፤ መንደሩ ውስጥ ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቂት ስለሆኑና ሲሞሉ ስለሚመልሱ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ አይመከርም። ለዚያ አንድ ሌሊት ጂንጊስካን ብሉ፦ ጎባጣ ብረት ላይ የሚጠበስ የበግ ሥጋ ነው፣ ጮማው እየወረደ ዳር ያለውን አትክልት ያበስለዋል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ኢጋሞቺም አይታለፍ፤ በቀርከሃ መሰል ቅጠል ላይ የተቀመጠ ለስላሳ የሩዝ ቂጣ ሆኖ አናቱ ላይ ጥቂት ቢጫ የሩዝ ፍሬ ጣል ተደርጎበታል።

ጫማ የሚከራይ ሰው መጠኑን በሴንቲሜትር ይወቅ፤ የአውሮፓ 43 ወደ 27.5 ይጠጋል። ከ30 በላይ የሆነ እግር ያለው ቀድሞ ይጠይቅ ወይም የራሱን ይዞ ይምጣ፤ ብዙ አከራይ አይኖረውም። መነጽሩ ለጉም ቀን ቢጫ ወይም ሮዝ መስታወት ይኑረው። ጨለም ያለው መስታወት ዛኦ ላይ አብዛኛውን ቀን ኪስ ውስጥ ይውላል።

ፍል ውሃው ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። አሲዱ የበረታ ነው፣ ፒኤች ከ2 በታች፤ ወተት የመሰለ ነጭ ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ዓይን ከገባ ያቃጥላል። በዚያ ቀን የተላጨ ወይም ጫማ ተረከዙን የላጠው ሰው ይሰማዋል። የብር ቀለበትና ሐብል ሳያወልቁ የገቡ ሰዎች ጠቁሮ ያገኙታል፤ ድኙ የሚሠራው ነው። ካሚዩ፣ ሺሞዩና ካዋራዩ የተባሉት ሦስት የሕዝብ መታጠቢያዎች የእንጨት ቤቶች ናቸው፣ መግቢያቸው ርካሽ ነው። በካዋራዩ ውሃው የሚፈልቀው ከእንጨት ወለሉ ሥር ነው። ሻወር አትጠብቁ፤ ሳሙናም በዚህ ውሃ አረፋ አያወጣም። ገላን በባልዲ ቀድቶ አለቅልቆ መግባት፣ ትንሿን ፎጣ ውሃው ውስጥ አለመንከር፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አለማለፍ። ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ማረፊያው ሲመለስ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ንቅሳት ያለው ቀድሞ ይጠይቅ። በየፎቶው የሚታየው ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ የውጭ መታጠቢያ ደግሞ በክረምት ዝግ ነው፤ በረዶ እየወረደበት ሜዳ ላይ መታጠብ የሚፈልግ የራሱ የውጭ ገንዳ ያለው ሪዮካን ይምረጥ።

የድኙ ሽታ ፎጣና ሹራብ ላይ ለቀናት ይከርማል። ስትመለሱ ለብቻቸው በላስቲክ ቋጥሩ፤ አለበለዚያ ሻንጣው ሙሉ ዛኦ ዛኦ ይሸታል።