ስክሮላማ፦ በስክሮል ለሚገለጥ የዳታ ታሪክ የተሠራ ላይብረሪ

አንባቢው ገጹን ወደ ላይ እየገፋ ሲያነብ ግራፉ በቦታው እንደቆመ ከጽሑፉ ጋር መልኩን የሚቀያይርበትን ታሪክ በኮድ መሥራት ለሚፈልግ ባለሙያ፣ ከነጻ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው ከሚገኙ የኮድ ስብስቦች) መካከል በቅድሚያ ሊሞከር የሚገባው፣ በእኔ ግምት፣ ስክሮላማ ነው። የሠራው በዳታ ታሪኮቹ የታወቀው የዘ ፑዲንግ ድረ ገጽ ባልደረባ ራስል ጎልደንበርግ በመሆኑ፣ የዘርፉን ችግር ከውስጥ በሚያውቅ ሰው መሠራቱ ያስታውቃል።

ቀድሞ ይህ ሥራ የሚሠራው ስክሮል በተደረገ ቁጥር የየአንቀጹን ቦታ በመለካት ስለነበር፣ አቅሙ ደከም ባለ ስልክ ላይ ገጹ ይንቀራፈፍ ነበር። ስክሮላማ በብራውዘሩ ኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር (አንድ የገጽ ክፍል ወደ እይታ ሲገባና ሲወጣ በሚያሳውቅ መሣሪያ) ስለሚጠቀም፣ አንድ አንቀጽ የተወሰነችውን መስመር ሲሻገር ብቻ ያሳውቃል። ኦፍሴቱ፣ ማለትም የመስመሯ ቦታ፣ ካልተቀየረ 0.5 ነው፤ ማለትም መስመሯ በስክሪኑ ወገብ ላይ ናት። ዲበግ (የስህተት መፈለጊያው ሁነታ) ሲበራ መስመሯ በዓይን ስለምትታይ ብዙ ድካም ታስቀራለች።

ለሙከራ በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ከተቆጠረው ከ53 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተነስቶ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ወደሆነው የሚያድግ ባር ግራፍ ዲ3 በተባለው የግራፍ መሥሪያ ላይብረሪ ሠርቼበታለሁ። ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ላይብረሪው አንባቢው ወደየት እየሄደ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ግራፉን ወደነበረበት አይመልስም። ኮዱ «20 ሚሊዮን ጨምር» የሚል ከሆነ፣ አንባቢው ተመልሶ አንቀጹን ዳግም ሲያልፍ ባሩ 93 ሚሊዮን ይደርሳል፤ «73 ላይ ቁም» የሚል ከሆነ ግን ከየትም ቢመጣ ትክክለኛው ቁጥር ይታየዋል። የላይብረሪው መመሪያ ሰነድ ይህን ጉዳይ ጎላ አድርጎ ቢያነሳው መልካም ነበር።

የግራፉ በቦታው መቆም ደግሞ ስቲኪ የተባለው የሲኤስኤስ (የገጽ መልክ መወሰኛ ቋንቋ) ትእዛዝ ሥራ ነው። ከግራፉ በላይ ካሉት መያዣዎች አንዱ ኦቨርፍሎው ሂደን (ከመያዣው የሚተርፈውን የሚደብቅ ትእዛዝ) ከተሰጠው ስቲኪው ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ይከሽፋል፤ ጀማሪም ጥፋቱን ስክሮላማ ላይ ሊፈልግ ይችላል።

የግዕዝ ፎንት ዘግይቶ ሲጫን የአንቀጾቹ ቁመት ስለሚለወጥ፣ መጠንን በራሱ የሚከታተለው 3ኛው ቨርዥን ለአማርኛ ገጾች ይበልጥ ይመቻል። እያንዳንዱን የስክሮል እርምጃ ከአኒሜሽን ጋር ማያያዝ ለሚፈልግ ግን ጂሳፕ የተባለው የአኒሜሽን ላይብረሪ ስክሮልትሪገር ይሻላል።