የአማርኛ አስተርጓሚ አገልግሎት በአሜሪካ ሆስፒታሎች፦ ለሜላኖማ የመጀመሪያ የኦንኮሎጂ ቀጠሮ ሲመዘን

በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ግዴታው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ 6 እና ኦባማኬር ከሚባለው የ2010 የጤና ሕግ ክፍል 1557 ነው። እዚህ የምንመዝነው ይህ አገልግሎት ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ተገኝቶበት መጀመሪያ ወደ ኦንኮሎጂስት (የካንሰር ሐኪም) ለሚሄድ አማርኛ ተናጋሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። ባጭሩ፣ በአካል የሚመጣው አስተርጓሚ በጣም ጥሩ፣ በቪዲዮ የሚያስተረጉመው ጥሩ፣ በስልክ የሚያስተረጉመው ለዚህ ቀጠሮ ደካማ ነው።

ስልኩን ደካማ ያልነው ድምፁ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። ሐኪሙ ተረከዙን በጣቱ እየከበበ «እስከዚህ ነው የምናነሣው» ሲል የስልኩ አስተርጓሚ ምንም ስለማያይ «እስከዚህ» ብሎ ያልፋል። ቁጥሩም ላይ ስሕተት ይገባል። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ሜላኖማ በአብዛኛው 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ አብሮ ይቆረጣል፤ ይህ ከጠርዙ ጀምሮ በየአቅጣጫው ነው እንጂ የቁስሉ ጠቅላላ ስፋት አይደለም። ተረከዝ ላይ ሲሆን ቁስሉ ተሰፍቶ ይዘጋል ወይስ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል የሚለው በዚህ ይወሰናል። ከስልክ ሌላ ከሌለ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ ቁጥሩን እንዲጽፍ ጠይቁ።

ቪዲዮው ችግሩን በግማሽ ይፈታል። ታካሚው ልብሱን ሲያወልቅ ነርሷ ታብሌቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች፤ ደግ አደረገች፤ ግን ምርመራው አልቆ ማብራሪያው ሲጀመር መልሶ ማዞሩ ይረሳል። አስታውሷት።

በአካል የሚመጣ አስተርጓሚ የሚገኘው ቀጠሮው በሚያዝበት ጊዜ ከተጠየቀ ነው። በዕለቱ የጠየቀ ሰው የሚደርሰው ስልክ ነው። ስትጠይቁ «የኢትዮጵያ አስተርጓሚ» ሳይሆን «አማርኛ» በሉ፤ አለዚያ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ አስተርጓሚ ተልኮ ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላል። እያንዳንዱ ነገር ሁለቴ ስለሚነገር ረዘም ያለ ሰዓት አስመድቡ፤ ሁለት የሥራ ቀን ሲቀረው ደግሞ ደውላችሁ አረጋግጡ። ጉድለቱ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሲያትል የሚመጣው ሰው የአጥቢያችሁ ወይም የእድራችሁ ሰው ሊሆን መቻሉ ነው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ቢሆንም ካልተመቻችሁ ሌላ ግዛት ያለ የቪዲዮ አስተርጓሚ ይሁንልን ማለት ነውር የለውም።

ብቃታቸው ይለያያል። ለሕክምና አስተርጓሚዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ሲሲኤችአይ የተባለው ተቋም ከእንግሊዝኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የመተርጎም ችሎታን በአፍ የሚፈትነው በስፓኒሽ፣ በዐረብኛና በማንዳሪን ነው። ለሌሎች ቋንቋዎች አስተርጓሚዎች ያለው «ኮር ሲኤችአይ» በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሙያ ዕውቀት ፈተና ስለሆነ የሰውየውን አማርኛ አይለካም። በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። አንዱ «ኔጌቲቭ» እና «ፖዘቲቭ» ነው፤ ተቆርጦ የወጣው ቆዳ ጠርዙ ኔጌቲቭ ከሆነ ካንሰር አልታየበትም፣ ሊምፍ ኖዱ (የሰውነት መከላከያ ዕጢው) ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ካንሰሩ ደርሶበታል፤ «አሉታዊ»፣ «አዎንታዊ» ተብሎ ሲተረጎም ተገልብጦ ይሰማል። ሌላው በደም ሥር የሚሰጠውን ሁሉ «ኬሞ» ማለት ነው። ዛሬ ለሜላኖማ የሚታዘዙት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ኬሞ አይደሉም፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ ኢሚዩኖቴራፒ ናቸው። ዋናው የሚፈራው የጎንዮሽ ጉዳታቸው ታይሮይድን፣ አንጀትን፣ ጉበትን ወይም ሳንባን ማስቆጣታቸው ነው። ስለዚህ የታይሮይድ ወይም የአንጀት ቁጣ ሕመም፣ ሩማቶይድ፣ የተተከለ ኩላሊት ካለ፣ ወይም ስቴሮይድ የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ደም ማቅጠኛም፣ ከአገር ቤት የመጣ የባህል መድኃኒትም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

የፓቶሎጂ ሪፖርቱን፣ ማለትም የተቆረጠው ናሙና በማይክሮስኮፕ የታየበትን ውጤት፣ እዚያው ለማስተርጎም አታቆዩት፤ ሰዓቱን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ውጤት ሳይዘገይ ለታካሚው እንዲለቀቅ ደንብ ስላለ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይደውል ስልካችሁ ላይ ይገባል። አትሙትና ሦስት ነገር አስምሩበት። መጀመሪያ ብሬስሎው፣ ማለትም በሚሊ ሜትር የተለካው ውፍረት፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ካንሰሩ መጀመሪያ ሊደርስበት የሚችለውን ሊምፍ ኖድ አውጥቶ የመመርመር ነገር ይነሣል። ቀጥሎ ላዩ ቆስሏል ወይስ አልቆሰለም የሚለው፤ ከቆሰለ ደረጃው ከፍ ይላል፣ ቀጭን ቢሆንም የሊምፍ ኖዱ ጥያቄ ይመጣል። ሦስተኛው የታችኛው ጠርዝ ነው። ባዮፕሲው (ለምርመራ የተወሰደው ናሙና) ላዩን ተልጦ የተወሰደ ከሆነና ካንሰሩ እስከ ታች ጠርዝ ከደረሰ የተጻፈው ውፍረት «ቢያንስ ይህን ያህል» ማለት እንጂ ሙሉው አይደለም፤ «እውነተኛው ውፍረት መቼ ይታወቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የካንሰር ማዕከሉ የባዮፕሲውን ስላይድ (ናሙናው ያለበትን መስታወት) በራሱ ፓቶሎጂስት ደግሞ ማስነበብ ይፈልግ ይሆናል። እዚህ ላይ የእኛ ስም ጣጣ ያመጣል፤ አንዱ ክሊኒክ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም መዝግቦ፣ የላቲን ፊደሉም ተለያይቶ ስላይዱ ሳይገናኝ ይከርማል። ሁለቱም ቦታ የተመዘገበው ስምና የትውልድ ቀን ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለምርመራው መላ ቆዳ ይታያል። የጥፍር ቀለም፣ ሂናና እንሶስላ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና ጥፍርን ስለሚሸፍኑ ቀጠሮው እስኪያልፍ ይቅሩ። ዊግም ይውለቅ፤ የራስ ቆዳ የሚደብቅ ሹሩባም ይፈታ።

ቤተሰብ አስተርጓሚ ይሁን ለሚሉ፦ ልጅ ለእናቷ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ዘልላው ታልፋለች። ሙያተኛው ግን የተባለውን ሁሉ ያስተላልፋል፤ በር ላይ ይዛችሁ «እንዳትነግራት» ብትሉት አይሆንለትም። እናት ዝርዝሩን መስማት ካልፈለገች ራሷ ከቀጠሮው በፊት ለሐኪሙ ታስታውቅ፤ ለማን እንደሚነገር የምትወስነው እሷ ናት።

ስልኩ ዋጋ የሚያወጣው ከዚያ በኋላ፣ ቀጠሮ ለማስተካከልና መድኃኒት ለማስሞላት ነው። ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አስተርጓሚው «ሦስት ሰዓት» ሲል በአሜሪካ አቆጣጠር የጠዋቱ ዘጠኝ ይሁን የከሰዓቱ ሦስት አይለይም፤ በጽሑፍ እንዲላክ ጠይቁ። ሆስፒታሉ መልሶ ሲደውል ቁጥሩ ላይታይ ስለሚችል የማታውቁትንም አንሱ። አስተርጓሚው መጀመሪያ ላይ የሚናገረውን መለያ ቁጥር ጻፉት፤ ትርጉሙ ከተበላሸ ወይም አስተርጓሚ ከተከለከላችሁ ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።