አራት ኪሎ ያለው የኢኮኖሚክስ፣ የስታቲስቲክስና የሪሰርች ቲቶሪያል፦ ይከፈልበታል ወይ?

መልሱን ላስቀድም። አዎ፣ ይከፈልበታል። ግን ዋናው ምክንያት ሦስተኛው ክፍል፣ የሪሰርች ዲዛይኑ (ጥናት እንዴት እንደሚነደፍ የሚያሳየው) ነው። ስታቲስቲክሱም በጣም ጥሩ ነው። ኢኮኖሚክሱ ግማሹ ግሩም፣ ግማሹ የጥድፊያ ነው።

ቦታው ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙ አይርቅም። ጽሑፉ ማስታወቂያ እንዳይሆን ስማቸውን አልጠራም። ተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ፍሬሽማኖች ናቸው፤ ከስድስት ኪሎ፣ ከኮሜርስ፣ ከግል ኮሌጆችም ይመጣሉ። ሌሎቹ እንደ እኔ ሥራ ላይ ቆይተው ማስተርስ የጀመሩና ድሮ የቸከሉት ሁሉ ከጭንቅላታቸው የጠፋ ናቸው። ሁለቱም አንድ ክፍል ይማራሉ፤ ይሄ ደግሞ ይሠራል። ልጆቹ ሒሳቡ ላይ ፈጣን ናቸው፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ምሳሌ አያጡም።

ኢኮኖሚክሱን የምታስተምረው ወጣት መምህርት ናት። የመጀመሪያ ቀን ግራፍ የሚባል አልሳለችም። “ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ታች ያለው የታክሲ ሰልፍ ለምን ይረዝማል?” ብላ ጀመረች። መልስ የሌለው ሰው አልነበረም። ታክሲ ስለሚያንስ፣ ሰው ስለሚበዛ፣ መንገድ ስለሚዘጋ። እሷ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ታሪፉ ጠዋት አራት ሰዓትም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓትም ያው ነው። ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው እንዳይነቃነቅ ከተያዘ ሰልፉ ይረዝማል። ቆመን የምናጠፋው ሰዓት ከታሪፉ ላይ የሚደመር ክፍያ ነው፤ ሕፃን ልጅ ቤት ትታ የምትጠብቅ እናትና የማይቸኩል ሰው ደግሞ እኩል አይከፍሉትም። መስመር እየቆረጡ የሚጭኑት ሾፌሮችስ? ያ በታሪፍ የተያዘው ዋጋ በጓሮ በር ሲገባ ነው። የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮቹ ሰሌዳ ላይ የወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ግራፉ ሲመጣ ነገሩ ቀድሞ ገብቶናል።

ተማሪ ሁሌ የሚምታታበት አንድ ነገር አለ፤ ዋጋ ሲለወጥ መስመሩ ላይ መንቀሳቀስና መስመሩ ራሱ ቦታ መቀየሩ። እሱን ያስረዳችበት መንገድም ተመችቶኛል። በሐምሌ 1975 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ ከባድ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል አቃጠለው። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የዓለም የቡና ዋጋ ተተኮሰ። ሲዳማ ላይ ውርጭ አልወረደም፣ ጅማ ላይም አልወረደም። ግን የእኛም ቡና ዋጋ አብሮ ወጣ፣ ምክንያቱም ቦታ የቀየረው የዓለም አቅርቦት መስመር ነው። ገዢው ደግሞ ዋጋው ስለጨመረ የሚገዛውን ቀነሰ፤ ያ በፍላጎት መስመሩ ላይ መንቀሳቀስ ነው። አንድ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ይሄን የሰማ ተማሪ ፈተና ላይ ይሳሳታል ብዬ አላምንም።

የዋጋ ግሽበቱም ትምህርት ለብቻው ዋጋ አለው። “ግሽበት ቀነሰ” የሚል ዜና ሲነገር ሰው “የት አለ? ጤፍ እኮ አልቀነሰም!” ብሎ ይናደዳል። ኩንታሉ 10,000 ብር የነበረ ነገር 13,000 ከገባ ጭማሪው 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 14,950 ከገባ ጭማሪው 15 በመቶ ነው። ግሽበቱ በግማሽ ቀነሰ፣ ዋጋው ግን ወጣ እንጂ አልወረደም። ዜናውም እውነት ነው፣ የገዢውም ምሬት እውነት ነው። ይሄን ለእናቴ በስልክ አስረድቻት ወዲያው ነው የገባት።

ታዲያ ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ማክሮው፣ ማለትም የአገር አቀፍ ኢኮኖሚው ክፍል፣ ሲጀምር ሰዓት አልቋል። አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት በሩጫ ታለፈ። የምንዛሪው ነገር ደግሞ በጣም ነው የቆጨኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ባንክ ላይ በዚያው ቀን 74 ብር አለፈ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያ ቀን ያልነካው ሰው የለም። ላኪው ምን ያገኛል? መድኃኒት አስመጪው ምን ይሆናል? ነዳጅና ማዳበሪያው ወደ ገበሬው ዋጋ በየት በኩል ይደርሳል? ለሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ነገር ነበር። በአንድ ስላይድ አለፈ። መምህርቷ ችሎታ አላት፤ ጊዜውን ያጣበበው ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ነው። ማስተካከል አለባቸው።

ስታቲስቲክሱን የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም “ጋሼ” ነው የሚላቸው። አማካይ፣ ሚዲያን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቶሎ ቶሎ አለፉ፤ ይሄ ልክ ነው፣ ከየትም የሚገኝ ነገር ነው። ከዚያ ግን አንድ ቀን ፒ-ቫልዩን (ነገሩ እንዲሁ በግምት ቢሆን ያየነው ወይም ከዚያ የበለጠ ውጤት የመገኘቱን ዕድል) ሊያስተምሩ ገብተው “የቧንቧ ውሃና የታሸገ ውሃ በጣዕም የሚለይ አለ?” ብለው ጠየቁ። አንዲት ልጅ “እኔ እለያለሁ” አለች፣ በሙሉ ልቧ።

ስምንት ኩባያ አሰለፉ። አራቱ የቧንቧ፣ አራቱ የታሸገ። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ወጣ፣ ውሃውንም ሌላ ሰው ውጭ ቀድቶ አመጣው። ልጅቷ እየቀመሰች የቧንቧ የሆኑትን አራቱን መለየት አለባት። ከመቅመሷ በፊት ግን ጋሼ አስቆሟትና “ምንም ሳታውቅ እንዲሁ ብትገምት ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ ስንት ነው?” አሉን። ከስምንት ኩባያ አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ለ70፣ ወደ 1.4 በመቶ ማለት ነው። ሁሉንም ካገኘች “በግምት ነው” ማለት ይከብደናል።

ቀመሰች። ከአራቱ ሦስቱን አገኘች። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ግማሹ “ታውቃለች” አለ። ጋሼ አላጨበጨቡም። ሦስቱን ብቻ በትክክል የሚያስገኙት መንገዶች 16 ናቸው፣ ሁሉንም የሚያስገኘው አንዱ ሲጨመር 17። 17 ለ70 ማለት 24 በመቶ ገደማ ነው። ምንም የማያውቅ ሰውም ከአራት ጊዜ አንዴ ያህል እንዲህ ይቀናዋል። ስለዚህ “ታውቃለች” ለማለት በቂ ማስረጃ የለንም። ቀጥለው የተናገሩትን ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ፦ “አታውቅም ማለትም አልተቻለም። ያልታየ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ስምንት ኩባያ ትንሽ ነው።” ሃይፖቴሲስ (እዚህ “በግምት ነው” የሚለው መነሻ ሐሳብ) አለመጣልና ሃይፖቴሲስ እውነት ነው ማለት የተለያዩ መሆናቸው ስንት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ያልገባኝ ነገር ነው። በውሃ ገባኝ። ሙከራው ራሱ ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1935 እ.ኤ.አ. ሻይ በወተት ላይ ከጻፈው የመጣ እንደሆነም መጨረሻ ላይ ነገሩን።

ሁለተኛው ያልረሳሁት የ384 ነገር ነው። ሪሰርች የሠራ ወይ ያየ ሰው ይቺን ቁጥር ያውቃታል። የግማሹ ሰው ፕሮፖዛል ላይ “የናሙናው መጠን 384 ነው” ተብሎ ይጻፋል፤ ከየት መጣ ቢባል መልስ የለም። ጋሼ ሰሌዳ ላይ አወጡት። 95 በመቶ መተማመን ከፈለግን ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር 1.96 ነው፤ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ፤ መልሱን አስቀድመን ካላወቅን ደግሞ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እንወስዳለን። ሲሰላ 384.16 ይመጣል። ያው ነው። የሕዝቡ ብዛት አንድ ሚሊዮንም ይሁን መቶ ሚሊዮን ቁጥሩ እምብዛም አይለወጥም። 900 ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ወደ 270 ይወርዳል።

ከዚያ ትልቁን ነገር አመጡ። ቁጥሩ የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ብቻ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ መጠይቅ ለቅቆ 384 ሰው ሲሞላለት የሚያቆም ተማሪ ቀመሩን ለጌጥ ነው የተጠቀመበት። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው መጠይቅ ላከ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋል ብሎም ጻፈ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። ስም ዝርዝሩ በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ የመጣ ነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና ያለው የትኛው ሰው እንደሆነ ግልጽ ነው። መልሶ የላከውም ካልላከው ጋር አንድ አልነበረም። ሁለት ሚሊዮን ሰው አላዳናቸውም። የእኛንም ጉዳይ አነሱ፤ አገራችን ውስጥ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ብዛት ስትጽፉ ዝርዝሩ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንዳረጀ ጻፉ አሉን።

አሁን ወደ ሪሰርች ዲዛይኑ። እዚህ ነው ገንዘቡ።

አስተማሪው ጋሼ ራሳቸው ናቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ከተማሪዎቹ አንዱን ፕሮፖዛል፣ ስሙን ሸፍነው፣ ክፍሉ ፊት ይፈታሉ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ከቁጠባና ብድር የተበደሩ ሴቶች ገቢ ከብድሩ በፊትና በኋላ ይጠየቃል፣ ከጨመረ ብድሩ ጠቅሟል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ጋሼ ሦስት ጥያቄ ጠየቁ። ገቢው በሁለት ዓመት 40 በመቶ ቢጨምርና ዋጋ ደግሞ 45 በመቶ ቢጨምር ማን ተጠቀመ? የተበደሩት ሴቶች እነማን ናቸው፣ ድሮም ከጎረቤታቸው የሚተጉት አይደሉም ወይ? ባይበደሩስ ኖሮ ዛሬ የት ነበሩ? የመጀመሪያው ጥያቄ የኢኮኖሚክስ ነው፣ ሁለተኛው የናሙና ነው፣ ሦስተኛው የዲዛይኑ ነው። ሦስቱ ኮርሶች ለምን አብረው እንደሚሰጡ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየን። ባይበደሩ የት ነበሩ የሚለውን ማየት አይቻልም፤ የሚቻለው የሚመስሏቸውን ሰዎች መፈለግ ነው። የኬንያውን ጥናት ያመጡት ለዚህ ነው። ምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያ ውስጥ 75 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። የአንጀት ትል መድኃኒቱ ለአንዱ ቡድን በ1998፣ ለሁለተኛው በ1999፣ ለሦስተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የትኛውም ትምህርት ቤት አልተከለከለም፣ ተራ ጠበቀ እንጂ። ተራውን የሚጠብቀው ትምህርት ቤት ማነጻጸሪያ ሆነ። ከትምህርት መቅረት በሩብ ያህል መቀነሱ ተገኘ። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ማይክል ክሬመር በ2019 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል አግኝቷል። ጋሼ ግን እዚያ አላቆሙም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተመራማሪዎች ዳታውን መልሰው ሲያዩት ትልቅ ክርክር እንደተነሳም አስረዱን። ክርክሩ የተቻለው ዳታው ክፍት ስለነበር ነው። የራሱን ዳታ ለአድቫይዘሩ እንኳ የማያሳይ ተማሪ ላለበት ክፍል ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ላመስግናቸው። እዚያ ቤት ሪሰርች አይሠራላችሁም። አካባቢው ላይ “ከፕሮፖዛል እስከ ዲፌንስ እንሠራለን” የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ምሰሶ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ተማሪ በተጨማሪ ክፍያ እንዲሠሩለት ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ጋሼ “ና ቁጭ በል፣ ጥያቄህን አብረን እናስተካክል” አሉት፤ ከክፍል በኋላም በነጻ ቆዩለት። እንዲህ ያለ መምህር ሲገኝ መናገር ያስፈልጋል።

ጉድለታቸውን ልናገር። ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) እናስተምራለን ብለው ነው የሚያስመዘግቡት፤ ኮምፒውተሩ ግን ከተማሪው ቁጥር ጋር አይገናኝም፣ ላፕቶፕ የሌለው ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያየው። ለሶፍትዌሩ ብላችሁ አትምጡ። ሃንድአውቱ ፎቶኮፒ የፎቶኮፒ ነው፣ ግራፎቹ አይታዩም። ምዝገባ ላይ የሚነገረው የተማሪ ብዛት ሌላ፣ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ሌላ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ከኋላ ቆሞ ይማራል። ይሄ ደግሞ ተማሪን አለማክበር ነው፣ ለጽሕፈት ቤቱም ነግሬአቸዋለሁ።

ክፍያው ለየብቻም ለሦስቱም በአንድ ላይም ይቻላል፤ በአንድ ላይ ሲሆን ይቀንሳል። ፍሬሽማን ከሆናችሁ ሦስቱንም ውሰዱ፣ ማክሮውን ግን በራሳችሁ አንብቡ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ስለሆነ ከክፍል በፊትም በኋላም ጎራ ማለት ይመቻል። ማስተርስ ላይ ካላችሁና ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሳትወላውሉ የቅዳሜ ጠዋቱን የሪሰርች ዲዛይን ክፍል ተመዝገቡ። ፕሮፖዛላችሁን በወረቀት አትማችሁ ያዙ፤ ጋሼ ለክፍሉ የሚፈቱትን የሚመርጡት የመጀመሪያው ቀን ከመጡት ወረቀቶች ነው።