ፓወርፖይንት፣ ኢምፕሬስ ወይስ ካንቫ? ለቤተ መጻሕፍታችን የቱ ይሻላል?

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምትሠሩ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ብቻውን ሰው አይስብም። መግቢያው ላይ ባለ ቴሌቪዥን የመጻሕፍቱን ሽፋን እያፈራረቁ ማሳየት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ሰብስቦ በፕሮጀክተር ተረት ማንበብ ግን ይስባል። ጥያቄው ስላይዶቹን፣ ማለትም በየተራ ስክሪን ላይ የሚታዩትን ገጾች፣ በየትኛው ፕሮግራም እናዘጋጅ የሚለው ነው። እኔ የማየው ኢንተርኔት በሌለበት መሥራቱን፣ ክፍያውንና አማርኛውን በደንብ ማሳየቱን ነው።

ፓወርፖይንት ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስላይዶቹ ሰው ሳይነካቸው እየዞሩ እንዲቀጥሉ ማድረግ ይቻላል። ሥራውን ወደ ቪዲዮ ወይም ወደ ፎቶ መቀየሩ ደግሞ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። የደንበኝነት ክፍያውን ለመክፈል ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን፣ መጫን ይቀላል፣ ግን ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የሕዝብ ኮምፒውተር ላይ ባትጭኑት እመክራለሁ።

ሊብሬኦፊስ ኢምፕሬስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት በፍላሽ ይዛችሁ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ መጫን ትችላላችሁ። መልኩ እንደ ፓወርፖይንት አያምርም። የፓወርፖይንት ፋይል ሲከፍትም አንዳንዴ ጽሑፉ ቦታውን ይለቃል። ለልጆች ጥያቄና መልስ ግን ምንም አይጎድለውም። ለምሳሌ ስለ መንዝ ጓሳ አንድ ስላይድ ሥሩ። የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ፎቶ አስገቡና «ሣር የሚበላው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጭላዳው ሲነካ «ጎበዝ!» ወደሚለው ስላይድ፣ ቀበሮው ሲነካ ደግሞ «እንደገና ሞክር» ወደሚለው እንዲሄድ አገናኙት። ከዚያ ስለ እንስሳት የሚያወሩትን መጻሕፍት አጠገባቸው ደርድሩ። ልጁ ስክሪኑን ካየ በኋላ መጽሐፉን የሚያነሳው ያኔ ነው።

በሁለቱም ፕሮግራሞች ፎንት ላይ ተጠንቀቁ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ ጻፉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ፋይሉን ስታስቀምጡም ፎንቱ አብሮ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት።

ካንቫ በውበት ሁለቱንም ይበልጣል። ዝግጁ ዲዛይን ሞልቶታል፣ ነፃው አገልግሎትም ለቤተ መጻሕፍት ይበቃል። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት ብዙም አያሠራም። ስለዚህ ኔትወርክ ጥሩ በሆነ ሰዓት ሠርታችሁ በቪዲዮ ወይም በፎቶ አውርዱት። ጉግል ስላይድስ ጥሩ የሚሆነው ሁለት ሦስት ሠራተኞች ከየቦታቸው አንድ ፋይል ላይ ሲሠሩ ነው። ፕሬዚ የሚባለውን ሌላ የስላይድ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ አልመርጠውም፤ በነፃው አገልግሎት የሠራችሁት ለሁሉም ይታያል። ሜንቲሜትር ተሰብሳቢው በስልኩ እየመለሰ ውጤቱ ወዲያው ስክሪን ላይ የሚወጣበት ነው። ለወጣቶች የመጽሐፍ ውይይት ደስ ይላል፣ ግን የአንባቢውን ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ከሌላችሁ እጅ አስወጥታችሁ ቁጠሩ፣ ያው ነው።

የኔ ምርጫ ኢምፕሬስን ለልጆቹ ጥያቄ፣ ነፃውን ካንቫ ደግሞ ለመግቢያው ማስታወቂያ መጠቀም ነው። ፓወርፖይንት በሕጋዊ መንገድ ተገዝቶ ካለ ግን ሌላ አትፈልጉ። ለሶፍትዌር ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ፍላሽ የሚቀበል ቴሌቪዥን ላይ ይዋል። ቴሌቪዥን የፓወርፖይንት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አያነብም፣ ቪዲዮና ፎቶ ግን ያነባል። ከመክፈላችሁ በፊት የሠራችሁትን ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። ሲያልቅ ራሱ ከመጀመሪያው መጀመሩንም እዩ።