ሰሜን ተራሮችን በ4 ቀን፦ በግጭ በኩል ወይስ ቀጥታ ራስ ዳሽን?

ሙሉው የእግር ጉዞ ከደባርቅ ተነስቶ ራስ ዳሽን ወጥቶ በአዲ አርቃይ መውረድ ነው፣ ሳምንት ምናምን ይፈጃል። ከስራ 4 ቀን ብቻ ፈቃድ ያገኘ ሰው ግን የሆነ ቦታ መቁረጥ አለበት።

አንደኛው፣ እስከ ሳንቃበር ካምፕ በመኪና ሄደህ ከዛ በእግር ግጭ ካምፕ ታድራለህ፣ በማግስቱ እሜት ጎጎ የሚባለውን ጫፍ አይተህ ጨነቅ ካምፕ ትገባለህ። የጅንባር ፏፏቴ እዚሁ መንገድ ላይ ነው፣ ጭላዳው ደግሞ ሳሩን እየነጨ አጠገብህ ነው፣ ከቁብም አይቆጥርህም 😄 እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ስትቆም ዙሪያህን ገደል ነው በቃ ቃል የለኝም። ጨነቅ አካባቢ ዋልያም ይታያል።

ሁለተኛው፣ በመኪና ቀጥታ ጨነቅ፣ ከዛ በቧሂት ማለፊያ ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተህ እስከ መሸሃ ወንዝ ትወርዳለህ፣ የወረድከውን ደግሞ መልሰህ ወደ አምቢቆ መንደር ትወጣለህ፣ በነጋታው ሌሊት ተነስተህ ራስ ዳሽን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ። ስትመለስም ያው ዳገት ይጠብቅሃል። ከጎንደር ተነስቶ በዛው ቀን 3,600 ሜትር ላይ ማደር ራሱ ራስ ምታት ነው፣ የምሬን ነው፣ ከፍታ ያልለመደ ሰው ማስመለስ ሁሉ ሊጀምረው ይችላል።

እኔ አንደኛውን ነው የምመርጠው። ኢትዮጵያ አናት ላይ ቆሜ ፎቶ ካልተነሳሁ የሚል ካለ ቢያንስ አንድ ቀን ይጨምር፣ በቅሎም ይከራይ። ስካውቱ (መሣሪያ ይዞ አብሮህ የሚሄደው ጠባቂ) በሁለቱም ግዴታ ነው፣ ወፍራም ጃኬትም እንደዛው። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ቀድማችሁ ደባርቅ ደውላችሁ አጣሩ።