«የአውሮፓ ስታንዳርድ» ተብሎ ስለሚሸጠው የአሜሪካ አይዲ ፎር፦ ለገዢዎች ማስጠንቀቂያ

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ፈላጊ በዝቷል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራን መኪና «የአውሮፓ ስታንዳርድ፣ ፉል ኦፕሽን» ብሎ በአውሮፓው ዋጋ የሚያስማማ ሻጭም አልጠፋም። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቀብድ ሊከፍልበት የነበረውን ያገለገለ ፎልክስዋገን አይዲ ፎር አብሬው ሄጄ ስመለከት የገጠመን ይኸው ስለሆነ፣ ሌላውም ገዢ ከመፈራረሙ በፊት እንዲያውቀው ይህን ጽፌያለሁ።

ሻጩ «ልዩነቱ የቻርጅ መሰኪያው ብቻ ነው፤ አዳፕተሩን በነፃ እሰጣችኋለሁ» አለን። ክዳኑን ከፍተን ስናይ የመሰኪያው የላይኛው ክፍል አምስት ፒን ብቻ ነበረው። የአውሮፓው ሰባት አለው፤ ሁለቱ ተጨማሪ ፒኖች ሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር የሚመጣ ኃይል፣ ለመቀበል የተቀመጡ ናቸው። የአሜሪካው መኪና በውስጡ ያለው ቻርጀር የሚቀበለው ነጠላ ፌዝ ብቻ ስለሆነ፣ 11 ኪሎዋት በሚሰጥ ባለሦስት ፌዝ የግድግዳ ቻርጀር ላይ በአዳፕተር ቢሰካ ከሦስቱ አንዱን ፌዝ ብቻ ወስዶ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ያገኛል። 77 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት የአውሮፓው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ሲበቃው፣ የአሜሪካው ከ22 ሰዓት በላይ ይጠይቃል ማለት ነው። ባለ32 አምፔር መስመር ቤቱ ያስገባ ሰው 7 ኪሎዋት ያህል ስለሚያገኝ ጉዳቱ ይቀንስለታል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ግን 22 ሰዓት ያልተቋረጠ ኃይል ማግኘቱ ራሱ አንድ ጣጣ ነው።

በፈጣን ቻርጅም የአሜሪካው መሰኪያ ሲሲኤስ 1፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 የሚባሉ የተለያዩ ዓይነቶች ስለሆኑ በቀጥታ አይገጥሙም። በነፃ የተባለውን አዳፕተር አገላብጬ ሳየው ከሥሩ የሚኖሩት ሁለቱ ወፍራም ቀዳዳዎች ጭራሽ የሉትም፤ ለዝግተኛው ቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ የአምፔር ልኩም ሆነ የአምራቹ ስም አልተጻፈበትም። የፈጣኑ አዳፕተር ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ መቆለፊያና የሙቀት መለኪያ የሌለው ርካሽ ዓይነት ደግሞ ለእሳት የሚያጋልጥ ነው።

መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ ሆኖም «በደብልዩ ከጀመረ የጀርመን ነው፣ የጀርመን ከሆነ የአውሮፓ ነው» የሚለው የደላላ ስሌት አያስተማምንም። ፎልክስዋገን አይዲ ፎርን አሜሪካ፣ ቻታኑጋ ከተማ ባለው ፋብሪካው መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት አሜሪካ የተሸጡት ከጀርመን የሄዱ ናቸውና እነሱም በደብልዩ ይጀምራሉ። ለአውሮፓ የተሠራው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ ሦስት ተከታታይ «ዜድ» ይኖረዋል፤ የአሜሪካው የለውም። ከዚህ በተጨማሪ በሾፌሩ በር በኩል የአሜሪካን የፌዴራል ደህንነት ደንብ እንደሚያሟላ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፋል፤ ባየነው መኪና ላይ ወረቀቱ ተልጦ የቀረው ሙጫው ነበር።

ወረቀቱን ማን፣ ለምን እንደላጠው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ በግጭት ወይም በጎርፍ ተጎድቶ ኢንሹራንስ የተወው መኪና «ሳልቬጅ» የሚል የባለቤትነት ሰነድ ይዞ በጨረታ ይሸጣል፤ በጨው ውኃ የተጥለቀለቀ ባትሪ ደግሞ ከሳምንታት በኋላም ሊቃጠል ይችላል። የአሜሪካ መኪና ታሪክ በሻንሲ ቁጥሩ ካርፋክስን በመሳሰሉ አገልግሎቶች በክፍያ ስለሚገኝ፣ ቁጥሩን ፎቶ አታንሱ ከሚል ሻጭ ጋር ድርድር መቀጠል አያስፈልግም።

ሻጩ በአንድ ቻርጅ 520 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ያለንም የአውሮፓው መለኪያ ውጤት ነው። ባለኋላ እግር ነጂው የ2023 ሞዴል በአሜሪካው መለኪያ 275 ማይል፣ ማለትም 443 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባትሪው ያው ሆኖ የተለያየው የአለካኩ መንገድ ሲሆን፣ በእኔ ግምት የአሜሪካው ለእውነቱ ይቀርባል። ክሩስኮቱ ላይ የሚታየውም ቁጥር ማይል ይሁን ኪሎ ሜትር አጣሩ፤ 31 ሺህ ማይል ወደ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

የአሜሪካው አይዲ ፎር ክፉ መኪና ነው አልልም፤ ቤቱ ጥሩ ነጠላ ፌዝ መስመር ላለውና ከከተማ ብዙም ለማይወጣ ሰው በቅናሽ ከተገኘ ይሆናል። በአውሮፓው ዋጋ ግን አይገዛም። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩ፣ የመሰኪያው ዓይነትና መኪናው የተሠራበት ገበያ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ፤ የእኛው ሻጭ ይህን ስንጠይቀው «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ቁልፉን ተቀበለን።